«ማተብሽን አውልቂ» ተባልኩ፤ ምን ላድርግ?

ጥያቄ

ሰላም ለእናንተ ይሁን። የምኖረው ሜሪላንድ ነው። በአንድ የአረጋውያን መንከባከቢያ ሲኤንኤ (የነርስ ረዳት) ሆኜ እሠራለሁ፤ ካለፈው ዓመት ጀምሮ የተመደብኩት የመርሳት ሕመም ያለባቸው ሰዎች ክፍል ነው። ሺፍቴ ከጠዋቱ 1 ሰዓት እስከ ቀኑ 9 ሰዓት ነው። በቅርቡ የመጣችው ሱፐርቫይዘር «አንገት ላይ ምንም አይደረግም፤ ያንን ክር አውልቂ» አለችኝ። ክሩ ማተቤ ነው። ክርስትና ከተነሣሁ ጀምሮ ያለ ማተብ ውዬ አላውቅም። አንዷ ባልደረባዬ «የድግምት ክር ነው እንዴ?» እያለች ትስቃለች። ታላቅ እኅቴ ደግሞ «ሸፍነሽ ከሠራሽ ክርስቶስን መካድ ነው፤ ሊቢያ ላይ የተሠዉት ወንድሞቻችን መች ሸፈኑ? ሴትዮዋ ስትናገርሽ በስልክሽ ቅረጪና ቲክቶክ ላይ ልቀቂው፣ ሕዝብ ይፍረድ» ትለኛለች። በዚያ ላይ በጾም ጊዜ አለመብላቴ መነጋገሪያ ሆኗል። አንዳንድ ነዋሪዎች ጸልዪልኝ ሲሉኝ ይፈቀድልኝ አይፈቀድልኝ አላውቅም። ለስቅለት እረፍት ጠይቄም ተከልክያለሁ። ሦስት ልጆች አሉኝ፤ ሥራዬን ማጣት አልችልም። ዝም ማለት ደግሞ ለሕሊናዬ ከበደኝ። ምከሩኝ።

ወ.ማ.

መልስ

እኅታችን ወ.ማ.፣ የእግዚአብሔር ሰላም ይብዛልሽ።

ሱፐርቫይዘርሽ «ክርስቶስን ካጂ» አላለችሽም፤ «አንገትሽ ላይ ያለውን አውልቂ» ነው ያለችሽ። ሃይማኖቱን የጣለ ሰው «ማተቡን በጠሰ» በሚባልበት አገር ላደገ ሰው ሁለቱ አንድ ሆነው ቢሰሙት አይፈረድበትም። ለእሷ ግን ማተብ ምን እንደሆነ የነገራት የለም፤ የምታየው ክር ብቻ ነው። ክሩ የሚያሰጋትም በሁለት ምክንያት ነው። ሁለቱን ካላወቅሽ የምትጽፊው ደብዳቤ ሁሉ ዒላማውን ይስታል።

አንደኛው መጎተት ነው። የመርሳት ሕመም ያለበት ሰው ልብስ ሲቀየርለት ወይም ከአልጋ ወደ ዊልቸር ሲዛወር በድንገት ይደነግጣል። ሲደነግጥ ፊቱ ያገኘውን ይይዛል፤ ፊቱ ያለው ደግሞ ያጎነበሰችው ሠራተኛ አንገት ነው። የመታወቂያ ባጅሽ ማንጠልጠያ ሲጎተት በራሱ እንዲላቀቅ ተደርጎ የሚሠራው ለዚሁ ነው። በደንብ የተገመደና የተቋጠረ ክር ግን በቀላሉ አይበጠስም፤ አንቺን ያንቃል፣ የያዘውንም ሰው ጣት ይጎዳል።

ሁለተኛው ንጽሕና ነው። ብረት በፀረ ተዋስያን ይወለወላል፤ ክር ግን ላብም ሌላ ፈሳሽም ይመጥጣል፣ ይዞም ይቆያል። ጫፉ ላይ መስቀል ከተንጠለጠለበት ደግሞ ባጎነበስሽ ቁጥር አንሶላውን፣ ትሪውን፣ አንዳንዴም ቁስል ይነካል።

ስለዚህ ጥያቄሽ «ተዉኝ» ብቻ ከሆነ መልሱ «አይሆንም» ሊሆን ይችላል። «ሁለቱንም ስጋት በዚህ በዚህ መንገድ አስወግዳለሁ» ካልሽ ግን ነገሩ ይለወጣል። የምታቀርቢው መፍትሔ ይህን ይመስላል፦

ማተቡን አሳጥሪው። አንገትሽ ሥር ተጠግቶ፣ በክሩና በቆዳሽ መካከል ሁለት ጣት ብቻ የሚያስገባ ይሁን። ከቋጠሮው የተረፈው ጫፍ በአጭሩ ይከርከም። ከስክራቡ (ከሥራ ልብስሽ) ሥር ክብ አንገት ያለው ካናቴራ ልበሽ፤ የስክራብ አንገት ብዙውን ጊዜ ወደ ታች የሾለ ስለሆነ ያለ ካናቴራ ክሩ መታየቱና መያዙ አይቀርም። የካናቴራው ቀለም ከደንቡ ጋር እንዲስማማ አስቀድመሽ ጠይቂ፤ በካናቴራ ቀለም ምክንያት ደብዳቤ የሚወድቅበት ጊዜ አለ ብትባዪ አትገረሚ። ይህ አልበቃም ካሉ፣ ሲጎተት በራሱ የሚላቀቅ ትንሽ የፕላስቲክ ማያያዣ አለ፤ ዶቃና ሐብል የሚሸጡ ሱቆች «ብሬክአዌይ ክላስፕ» ብትያቸው ያውቁታል። ያሰርሽውን ቆርጠሽ ከመቀጠል ማያያዣ ያለው አዲስ ክር አዘጋጂና በንስሐ አባትሽ አስባርኪው። ለሥራና ለቤት የሚሆኑ ሁለት ማተቦች ይኑሩሽ፤ የሥራውን ማታ ማታ በሳሙናና በሙቅ ውኃ አጥበሽ በደንብ አድርቂው። እርጥብ ክር አንገት ላይ ሲውል ቆዳ ያሳክካል፤ የተቆጣ ቆዳ ደግሞ ለሱፐርቫይዘርሽ ሌላ ምክንያት ይሆናል።

መስቀሉን ከክሩ ለይው። በሥራ ሰዓት ከካናቴራው ውስጠኛ ክፍል ላይ በተሰፋ ትንሽ ኪስ ይቀመጥ። በመርፌ ቁልፍ አትያዥው፤ ሰው ስታነሺ ተከፍቶ ሊወጋው ይችላል። «እንግዲያው እጄ ላይ ልሰረው» የሚሉም አሉ፤ ይህ ከሁሉ የባሰው አማራጭ ነው። እጅ በየሰዓቱ የሚታጠብ፣ በየነዋሪው የሚገባና የሚወጣ አካል ነው፤ የእጅ አንጓ ላይ ያለ ክር ደርቆ አያውቅም። (ሆስፒታል ለምትሠሩ አንባቢዎቻችን፦ ብረት መስቀል ወደ ኤምአርአይ ክፍል በፍጹም አይገባም። በቀዶ ሕክምና ክፍል ያለው ደንብም ከዚህ ይጠብቃል፤ አስቀድማችሁ ጠይቁ።)

መሸፈንን በሚመለከት አንድ የታወቀ ጉዳይ እናንሣ። በእንግሊዝ ኤክሰተር ከተማ ሸርሊ ቻፕሊን የምትባል የአረጋውያን ክፍል ነርስ ነበረች። ለዓመታት መስቀሏን በአንገቷ ሐብል ላይ ታደርግ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2007 ሆስፒታሉ አንገቱ ሾል ያለ አዲስ ዩኒፎርም ሲያመጣ መስቀሉ ገሃድ ወጣ፤ በ2009 አውልቂ ተባለች። በሽተኛ ሊጎትተው ወይም ቁስል ሊነካ ይችላል የሚል ነበር ምክንያቱ። ሆስፒታሉ መስቀሉን ደረቷ ላይ እንደ ባጅ እንድታያይዘው ወይም አንገቱ ከፍ ባለ ካናቴራ ሥር እንድታደርገው አማራጭ ሰጣት። አልተቀበለችም። ጉዳዩ ስትራስቡርግ እስካለው የአውሮፓ የሰብዓዊ መብቶች ፍርድ ቤት ደርሶ ጃንዋሪ 15 ቀን 2013 ተፈረደ፤ ተሸነፈች። በዚያው ቀን፣ በዚያው ፍርድ ውስጥ፣ የብሪቲሽ ኤርዌይስ ሠራተኛዋ ናድያ ኤዊዳ አሸነፈች። እሷም የጠየቀችው ትንሽ መስቀል በግልጽ ማድረግን ነበር። ልዩነቱ አየር መንገዱ ያነሣው የድርጅቱን መልክና ዝና መሆኑ ነው፤ ሆስፒታሉ ግን ያነሣው የበሽተኛን ደኅንነት ነበር። የአንቺ ጉዳይ በቦታው ከቻፕሊን ጋር ይመሳሰላል። ፍርዱ አሜሪካ ውስጥ አይሠራም፤ ግን የትኛው ክርክር እንደሚጸናና የትኛው እንደሚወድቅ በደንብ ያሳያል። ካናቴራ ሥር መሆኑን ካቀረቡልሽ ተቀበዪ። ደግሞም ክሩ ማተብ እንዲሆን መታየት አለበት የሚል ሥርዓት የለብንም፤ ክረምት ሲሆን ሁላችንም በሹራብ ሸፍነን ነው የምንውለው።

አሁን ወደ አሜሪካ ሕግ። የ1964ቱ የሲቪል መብቶች ሕግ ርዕስ ሰባት፣ 15 እና ከዚያ በላይ ሠራተኛ ያለው ቀጣሪ የሠራተኛውን ሃይማኖታዊ ልማድ እንዲያመቻች ያስገድደዋል፤ ነጻ የሚወጣው ማመቻቸቱ ከባድ ሸክም እንደሚሆንበት ካሳየ ብቻ ነው። ይህ «ከባድ ሸክም» የሚለው ነገር ለረጅም ጊዜ የሠራተኛ ጠላት ሆኖ ቆይቷል፤ በ1977 የተሰጠ ፍርድ ትንሽ ወጪ እንኳ እንደ ከባድ ሸክም እንዲቆጠር በር ከፍቶ ነበርና። ጁን 29 ቀን 2023 ግን ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በፔንሲልቬንያ እሑድ አልሠራም ባለ ክርስቲያን ፖስተኛ ጉዳይ ላይ፣ ዳኞቹ ሁሉ በአንድ ድምፅ፣ መለኪያውን ከፍ አደረጉት። ዛሬ ቀጣሪ «አይቻልም» ካለ፣ ከሥራው ዓይነትና ስፋት አንጻር ከፍተኛ ተጨማሪ ሸክም እንደሚደርስበት ማሳየት አለበት። ባልደረቦችሽ ወይም ደንበኞች ሃይማኖትሽን አለመውደዳቸው ምክንያት ተደርጎ አይቆጠርም። የሌሎች ደኅንነት ግን ዛሬም በሸክም ይቆጠራል፤ ከላይ ስለ ካናቴራውና ስለ ማያያዣው ያን ያህል የደከምነው ለዚህ ነው።

ምናልባት ክፍልሽ ውስጥ ሂጃብ የምታደርግ እኅት ትኖር ይሆናል፤ «ለእሷ ተፈቅዶ ለእኔ» የሚል ሐሳብም መጥቶብሽ ይሆናል። በመጀመሪያው ደብዳቤሽ አታንሺው። በ2015 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ሻሿን አድርጋ ለሥራ ቃለ መጠይቅ ቀርባ ለተከለከለች ሙስሊም ወጣት የፈረደው ፍርድ ዛሬ የአንቺንም ማተብ የሚከላከል ነው። ከእሷ ጋር ብትነጋገሪ ይሻላል፤ ለሻሿ እንዴት እንደጠየቀችና ለማን እንደጻፈች ታውቅ ይሆናል።

አጠያየቁን ከዳንኤል ተማሪ። ትንቢተ ዳንኤል ምዕራፍ አንድን ዛሬ ማታ ደግመሽ አንብቢው፤ እንደ ሥራ ቦታ ታሪክ አንብቢው። ዳንኤል በንጉሡ መብል ላለመርከስ በልቡ ቆረጠ፤ ግን ማዕዱን አልገለበጠም። የጃንደረቦቹን አለቃ ለመነ። አለቃው ወደደው፤ ንጉሡን ግን ፈራ፤ ፊታችሁ ከስቶ ቢያይ እኔ ነኝ የምቀጣው አለ። ዳንኤል ፍርሃቱን አልናቀበትም። ዝቅ ብሎ በእነሱ ላይ ወደተሾመው ሰው ሄደና አሥር ቀን ፈትነን፣ ጥራጥሬና ውኃ ስጠን፣ ከዚያ ፊታችንን አይተህ ወስን አለው። ጥያቄው ልክ ነበረው፣ ጊዜ ነበረው፣ ውጤቱም የሚለካ ነበር። ሱፐርቫይዘርሽም ከበላይዋ የምትፈራው አለ፤ የስቴቱ ተቆጣጣሪ በመጣ ቀን የምትጠየቀው እሷ ናት። ፍርሃቷን የሚያቀልላት ወረቀት ስጫት።

በኮሪደር ላይ የተነገረ ሁሉ እንዳልተነገረ ነው። በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል። ደብዳቤው በኢሜይል፣ ለኤችአር (ለሠራተኛ አስተዳደር ክፍል)፣ ግልባጩ ለሱፐርቫይዘርሽ ይሁን፤ አንድ ቅጂ በግል ኢሜይልሽ አስቀምጪ። ከአንድ ገጽ አይለፍ። በእንግሊዝኛ ስትጽፊው «ሪሊጅየስ አኮሞዴሽን» (ሃይማኖታዊ ማመቻቸት) የሚለው ስያሜ በርዕሱም በውስጡም ይግባ፤ ሕጉ የግድ ይህን ስም ጥሩ ባይልም፣ ኤችአር ይህን ሲያይ ፋይል ይከፍታል፤ ካላየ ግን እንደ ተራ ቅሬታ ወደ ጎን ሊያደርገው ይችላል። ይዘቱ እንዲህ ነው፦

«በመርሳት ሕመም ክፍል ሲኤንኤ ነኝ። የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን አማኝ ነኝ። ከጥምቀቴ ጀምሮ አንገቴ ላይ ቀጭን ክር አስራለሁ፤ የእምነቴ ምልክት ነው፣ ጌጥ አይደለም። በዚህ ቀን እንዳወልቀው ተነግሮኛል። ክሩን በሥራ ሰዓት ለማድረግ ሃይማኖታዊ ማመቻቸት እጠይቃለሁ። የነዋሪዎችን ደኅንነት ለመጠበቅ ክሩን አሳጥሬ፣ ሲጎተት በሚላቀቅ ማያያዣ አድርጌ፣ ከክብ አንገት ካናቴራ ሥር ሸፍኜ፣ በየቀኑ በታጠበ ክር ለውጬ ለመሥራት ዝግጁ ነኝ። ለ30 ቀን ተሞክሮ እንዲገመገም እጠይቃለሁ። ሌላ መንገድ ካላችሁ ለመነጋገር ፈቃደኛ ነኝ። መልሱን እስከዚህ ቀን በጽሑፍ ብትሰጡኝ አመሰግናለሁ።»

ከዚህ በላይ አትጨምሪ። ጥቅስ አትጥቀሺ፤ ስለ ማተብ ታሪክ ሁለት ገጽ አትጻፊ፤ «አድልዎ» እና «እከሳለሁ» የሚሉ ቃላት ገና ናቸው። እነዚህ የገቡበት ደብዳቤ ከኤችአር ወደ ጠበቃ ይሄዳል፤ ጠበቃ ዘንድ የሄደ ነገር ደግሞ ቶሎ አይመለስም። የንስሐ አባትሽ ወይም የአጥቢያሽ ጽሕፈት ቤት በማኅተም የተደገፈ አጭር የእንግሊዝኛ ደብዳቤ ቢሰጡሽ ይረዳል። ሕጉ የካህን ማስረጃ አያስገድድም፤ የሚጠይቀው እምነትሽ ከልብ መሆኑን ነው። ሆኖም ኤችአር ማተብን ሰምቶ የማያውቅ ከሆነ የቤተ ክርስቲያኗ ማኅተም ብዙ ጥያቄ ያሳጥራል።

መልስ እስኪመጣ ድረስ ከነገ ጀምሮ ካናቴራውን ልበሽ። በመሐል «አሁኑኑ ሙሉ በሙሉ አውልቂ» ብትባዪስ? ነዋሪ ፊት አትከራከሪ፤ ሺፍት ጥለሽም አትውጪ። ሺፍት ጥሎ መውጣት በራሱ የሚያስባርር ጥፋት ነው፤ ያኔ ስለ ማተቡ የሚሰማሽ አታገኚም። «በጽሑፍ ጠይቄአለሁ፤ እስኪወሰን ድረስ ምን እንዳደርግ በጽሑፍ ንገሩኝ» በይ። ለጥቂት ሰዓት ማውለቅ ይቻላል ወይ የሚለውን እኛ አንወስንልሽም፤ የንስሐ አባትሽ ሥራ ነው። ቀኑ ሳይመጣ አሁን ጠይቂያቸው፤ በጭንቀት ሰዓት ከመኪና ማቆሚያ ተደውሎ የሚጠየቅ ጥያቄ አይደለም።

ከተከለከልሽ ምክንያቱን በጽሑፍ ጠይቂ። ዩኒየን (የሠራተኛ ማኅበር) ካላችሁ ተወካዩን ይዘሽ ግቢ። ከዚያ በኋላ ያለው መንገድ የፌዴራሉ የእኩል የሥራ ዕድል ኮሚሽን ነው፤ ባልቲሞር ቢሮ አለው፣ ማመልከቻ ገንዘብ አይጠየቅበትም፣ ጠበቃም ግዴታ አይደለም። ቀኑን ግን ቁጠሪ፦ መደበኛው ገደብ 180 ቀን ነው፤ እንደ ሜሪላንድ የራሱ ፀረ አድልዎ ኮሚሽን ባለው ስቴት 300 ቀን ይሆናል። ቆጠራው የሚጀምረው ክልከላው ከተነገረሽ ቀን ነው፤ ኤችአር ውስጥ ቅሬታ ማስገባትሽ ቆጠራውን አያቆመውም። ብዙ ሰው የሚሸነፈው እዚህ ላይ ነው፤ «እያዩልኝ ነው» ሲል ቀኑ ያልፋል። ኮሚሽኑ የመክሰስ መብት ደብዳቤ ከሰጠሽ በኋላ ፍርድ ቤት ለመሄድ 90 ቀን ብቻ ነው ያለሽ። የፌዴራል መንግሥት ሠራተኛ የሆናችሁ አንባቢዎች መንገዳችሁ ሌላ ነው፤ የመሥሪያ ቤታችሁን የእኩል ዕድል አማካሪ በ45 ቀን ውስጥ ማግኘት አለባችሁ።

በመጠየቅሽ ሺፍት ቢቀንሱብሽ ወይም ክፍል ቢቀይሩብሽ ያ ራሱን የቻለ ጥፋት ነው። ማስረጃሽን ያዢ፤ የክፍያ ወረቀትሽን፣ የራስሽን የሺፍት መርሐ ግብር፣ ኢሜይሎቹን። የነዋሪ ስም ያለበትን የምደባ ወረቀት ግን ፎቶ አታንሺ፤ የሕመምተኛን ምሥጢር አወጣሽ ተብለሽ ጥፋቱ ወደ አንቺ ይዞራል። ቢያሰናብቱሽም «በፈቃዴ ለቅቄአለሁ» የሚል ወረቀት ላይ አትፈርሚ።

ይህን ሁሉ ማድረግ እምነት ማነስ የሚመስላቸው አሉ። ቅዱስ ጳውሎስ ሊገርፉት ሲያስሩት ሮማዊ መሆኑን ተናግሮ አስቆማቸው፤ በኋላም «ወደ ቄሣር ይግባኝ ብዬአለሁ» አለ። በአገሩ ሕግ መከላከሉን ማንም እንደ ክህደት አልቆጠረበትም።

አሁን እኅትሽ ወዳለችው። በቪዲዮው እንጀምር፤ መልሱ አጭር ነው፤ አታድርጊው። በሜሪላንድ ሕግ የሰውን የግል ንግግር ያለ ተናጋሪዎቹ ሁሉ ፈቃድ በድምፅ መቅዳት ወንጀል ነው፤ እስከ 5 ዓመት እስራትና 10,000 ዶላር መቀጮ ያስከትላል። በቨርጂኒያና በዲሲ ከተነጋጋሪዎቹ የአንዱ ፈቃድ ይበቃል፤ ምናልባት እኅትሽ የሰማችው የዚያኛውን ይሆናል። ከበስተጀርባ አንዲት ነዋሪ በዊልቸር ካለፈች ደግሞ የሕመምተኛ ምሥጢር ጥሰት ይጨመርበታል፤ የሲኤንኤ ፈቃድሽም አደጋ ላይ ይወድቃል። በዚያ ላይ ቲክቶክ ላይ የሚፈርደው ሕዝብ ሴትዮዋን ይሰድባታል፤ በክርስቶስ ስም ትሰደባለች። ከዚያ በኋላ ስለ ማተብሽ ልታስረጂያት አትችዪም።

የሊቢያው ነገር ግን ከዚህ ጠለቅ ያለ መልስ ይፈልጋል። በሚያዝያ 2007 ዓ.ም. እነዚያ ወንድሞቻችን የተሠዉት በክርስትናቸው ነው፤ ደማቸውን የሰጡት ለጌታ ስም ነው። አንቺ የቀረበልሽ የዩኒፎርም ደንብ ነው። ሁለቱን አንድ ማድረግ የአንቺን ፈተና ከልኩ በላይ ያከብደዋል፣ የእነሱንም ሰማዕትነት ያረክሰዋል። በአንጻሩ አንድ ቀን «ክርስቲያን መሆንሽን በቅጽ ላይ አትጻፊ» ወይም «ነዋሪዎች ሲጠይቁሽ እምነት የለኝም በያቸው» ብትባዪ፣ ያኔ ነገሩ የልብስ መሆኑ ይቀራል። «በሰው ፊት ለሚመሰክርልኝ ሁሉ» የሚለው ቃል የሚመጣው እዚያ ላይ ነው፤ ያኔ ካናቴራ መፍትሔ አይሆንም፣ መልስሽም አንድ ነው። እኅትሽ ቅንዓቷ ጥሩ ነው፤ ለዚያ ቀን ታቆየው።

ባልደረባሽ «የድግምት ክር» ስትል ወደ ኤችአር ከመሮጥሽ በፊት አንድ ጊዜ፣ ለብቻዋ፣ ሳትቆጪ መልሺላት። «ሕፃን ሳለሁ ስጠመቅ ካህን ያሰረልኝ ነው፤ ክርስቲያን መሆኔን ያሳያል፤ እንደ መስቀል ቁጠሪው።» ይበቃል። ሐዋርያው ጴጥሮስ «በእናንተ ስላለ ተስፋ ምክንያትን ለሚጠይቁአችሁ ሁሉ መልስ ለመስጠት ዘወትር የተዘጋጃችሁ ሁኑ» ካለ በኋላ «ነገር ግን በየዋህነትና በፍርሃት ይሁን» ብሎ ነው የሚጨርሰው፤ ሁለተኛውን ግማሽ ብዙ ሰው ይዘለዋል። ከነገርሻት በኋላም ከቀጠለች ቀኑን፣ ቃሉን፣ የሰማውን ሰው ጽፈሽ ያዢና ለኤችአር አስገቢ። ተደጋግሞ የሥራ ቦታን የሚያከብድ የሃይማኖት ስድብን ማስቆም የቀጣሪው ግዴታ ነው።

ስለ ጾሙ ያን ያህል አትጨነቂ። ሺፍትሽ የሚያበቃው 9 ሰዓት ላይ ስለሆነ ዓቢይ ጾምን እንኳ 55ቱን ቀን ማንንም ሳትጠይቂ መያዝ ትችያለሽ፤ ምሳ ሰዓትሽን ዕረፊበት ወይም ጸልዪበት። መነጋገሪያ የሚሆነው ፖትላክ (ሁሉም ምግብ ይዞ የሚመጣበት ግብዣ) ሲኖር ነው። ባዶ እጅሽን አትሂጂ፣ አትሰወሪ። አንድ ትሪ የምስር ሳምቡሳ ይዘሽ ሂጂ፤ «ሥጋ፣ ወተት፣ እንቁላል የለውም» የሚል ወረቀት ለጥፊበት። ሲጠይቁሽ «በጾም ጊዜ እንዲህ ነው የምንበላው፤ እኔ ማታ እበላለሁ» በይ። ባይጠይቁሽ አትንገሪያቸው። አንድ ነገር ግን ጠብቂ፦ ያለ ውኃም የምትውዪ ከሆነ ሰው በማንሻ መሣሪያ የምታነሺበት ሰዓት ላይ ራስሽን ካዞረሽ ቁጭ በዪ፣ ረዳት ጥሪ። መድኃኒት የምትወስጂ ወይም ጡት የምታጠቢ ከሆነ የጾሙን ሰዓት ከንስሐ አባትሽ ጋር ተነጋገሪበት፤ ቤተ ክርስቲያን ለዚህ ሥርዓት አላት።

ነዋሪ «ጸልዪልኝ» ሲልሽ፣ የጠየቀው እሱ እስከሆነ ድረስ እጁን ይዘሽ አንዲት አጭር ጸሎት ብታደርጊ በብዙ ቦታ ችግር የለውም፤ የቤቱን ደንብ ግን አንዴ ጠይቂ። የፌዴራሉ ደንብ ለነዋሪዎች የየራሳቸውን ሃይማኖት የመከተል መብት ይሰጣል፤ ይህ መብት ከአንቺ ሳይሆን ከነዋሪው ይነሣል፤ ስለዚህ ጀማሪዋ አንቺ አትሁኚ። በተለይ የመርሳት ሕመም ያለበት ሰው ሐሳቡን መግለጥ ስለሚያቅተው፣ ይሁዲ ይሁን ካቶሊክ ወይም እምነት የለሽ በፋይሉ ካላወቅሽ ቅባት መቀባት፣ ጠበል መርጨት፣ ስዕል ትራስ ሥር ማኖር አይገባም። ቤተሰብ ያየ ቀን ክስ ነው፤ ደግሞም የሰውየውን ድካም መጠቀም ነው። ተቋሙ ቻፕሊን (የተቋሙ የሃይማኖት አገልጋይ) ካለው ስሙን ያዢና «ይጸለይልኝ ብሏል» ብለሽ አሳውቂ። ከቻፕሊኑ ጋር መተዋወቅሽ ለማተቡም ይጠቅምሻል፤ ኤችአር ስለ ሃይማኖት ሲጠየቅ ብዙ ጊዜ የሚያማክረው እሱን ነው።

የቀረው በዓላቱ ናቸው። ስቅለት የተከለከልሽው በቃልና የሺፍት መርሐ ግብሩ ከወጣ በኋላ ጠይቀሽ ከሆነ አይገርምም። የዓመቱን ቀኖች በአንድ ወረቀት፣ በፈረንጅ ቀን፣ አንድ ላይ አስገቢ። ገና ሁልጊዜ ጃንዋሪ 7 ነው። ጥምቀት ጃንዋሪ 19 ነው፤ በ2028 ግን ጳጉሜን 6 ሆና ስለምታልፍ ጃንዋሪ 20 ይውላል። ስቅለት በ2027 ኤፕሪል 30፣ በ2028 ኤፕሪል 14 ነው፤ ትንሣኤው ሜይ 2 እና ኤፕሪል 16። ኤችአር የሚያየው የፈረንጆቹን ፋሲካ ብቻ ነውና «የኦርቶዶክስ» የሚለውን ጻፊበት። ለትንሣኤ የምትጠይቂው የቅዳሜውን ሌሊት ብቻ አይሁን፤ ቅዳሴው ሌሊት ስለሚያልቅ እሑድ ጠዋት 1 ሰዓት ላይ ብትመደቢ ሳትተኚ ነው የምትገቢው። በምትኩ ምን እንደምትሰጪ ጻፊ፦ ዲሴምበር 25 እና የታንክስጊቪንግ ሺፍት። እነዚህን ቀኖች የሚፈልግ ሰው ሁልጊዜ ይገኛል፤ ከደብዳቤው በፊት ጃንዋሪ 7ን የሚቀይርሽን ሰው አግኝተሽ ስሙን በፈቃዱ ብትጽፊበት ሱፐርቫይዘርሽ የምትሠራው ሥራ መፈረም ብቻ ይሆናል። ወረቀቱን ከማተቡ ደብዳቤ ጋር አታያይዢው፤ በአንዱ ላይ «አይሆንም» ሲሉ ሌላውንም ይዞት ይሄዳል። የማተቡ መልስ ከመጣ በኋላ፣ የጃንዋሪው ሺፍት ሳይወጣ አስገቢው።